ንግሥት ቡዲካና ሁለቱ የግምጃ ቤት ሹሞች፤ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች

በዚህ ዓመት ተመርቃችሁ በገቢ ሰብሳቢነት፣ በሒሳብ ምርመራና በመንግሥት ግምጃ ቤት ሥራ ለምትሰማሩ ልጆቼ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት እናንተ አሁን በምትገቡበት ሙያ ስለሆነ፣ ምክሬም ከዚሁ ሙያ ታሪክ የተቀዳ እንዲሆን ፈልጌአለሁ። የብሪታንያዋን ንግሥት ቡዲካን የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃት በሠረገላ ላይ ቆማ ጦር እንደ ጨበጠች ጀግና ነው። እኔ ግን ታሪኳን ባነበብሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ከሠረገላው ይልቅ በኑዛዜውና በብድሩ መዝገብ ላይ ነው፤ ጦርነቱ የተጫረው ከዚያ ነውና።

ዛሬ ኖርፎክ በሚባለው የምሥራቅ እንግሊዝ ምድር ይኖር የነበረው የኢሴኒ ሕዝብ ንጉሥ ፕራሱታገስ ከሮም ጋር ተስማምቶ ሲገዛ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ60 ገደማ ሞተ። በኑዛዜውም ኔሮ ቄሣርን ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር ወራሽ አደረገው፤ ለቄሣር ድርሻ ከሰጠ ቤተሰቡም ሕዝቡም ከጉዳት የሚተርፉ መስሎት ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የመቶ አለቆች አገሩን በጦር እንደ ተያዘ ምድር ዘረፉት፤ ሚስቱ ቡዲካ ተገረፈች፤ ልጆቿ ተደፈሩ፤ የኢሴኒ መኳንንት የአባቶቻቸውን ርስት ተነጠቁ፤ የንጉሡ ዘመዶችም እንደ ባሪያ ተቆጠሩ። በዚያው ሰሞን የክፍለ ግዛቱ የግምጃ ቤት ሹም ካተስ ዴሲያነስ፣ ቀላውዴዎስ ቄሣር በሕይወት ሳለ ለብሪታንያ ታላላቅ ሰዎች የሰጠው ገንዘብ ይመለስ ብሎ ተነሣ። ካሲየስ ዲዮ የተባለው ጸሐፊ እንደሚነግረን ደግሞ፣ የኔሮ አማካሪ የነበረው ፈላስፋው ሴኔካ ሰዎቹ ሳይፈልጉት 40 ሚሊዮን ሴስተርስ የተባለ የሮም ገንዘብ አበድሮ ኖሮ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በግድ አስጠየቀ።

የውርሱና የብድሩ ጉዳይ በመዝገብ ላይ ሲታይ ማስረጃ የሚቀርብለት፣ ደንብ የሚጠቀስለት መሆኑን ልብ በሉ። ከሮም ጋር ተዋውሎ የሚገዛ ንጉሥ ሲሞት ውሉ አብሮት ይሞታል ብሎ መከራከር ይቻል ነበር፤ ብድርም ብድር ነው። ዴሲያነስ የሚጠይቀውን ገንዘብ ሲቆጥር፣ ከፋዩ ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴትና ንጉሡን ያጣ ሕዝብ መሆኑን በመዝገቡ ውስጥ የሚያስገባበት ዓምድ አልነበረውም። እናንተም የምትረከቡት መዝገብ እንዲህ ያለ ዓምድ አይኖረውም፤ ስለዚህ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ይህን ራሳችሁ ጠይቁ።

ኢሴኒዎች ብቻቸውን አልተነሡም። ጎረቤቶቻቸው ትሪኖቫንቶች ዛሬ ኮልቸስተር በምትባለው በካሙሎዱኑም የራሳቸው ቂም ነበራቸው። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ49 በከተማዋ ጡረተኛ ወታደሮችን አስፍረው ነበር፤ እነዚህም ነባሩን ሰው ከቤቱና ከእርሻው እያባረሩ ምርኮኛና ባሪያ እያሉ ይጠሩት ነበር። ለቀላውዴዎስ በተሠራው ቤተ መቅደስ ካህን ሆኖ የተመረጠ የአገሩ ሰውም በሃይማኖት ስም ሀብቱን ሁሉ ያፈስስ ነበር። አመፁ ሲቀርብ ከተማዋ ቅጥር አልነበራትም። ነዋሪዎቹ ዴሲያነስን እርዳታ ቢለምኑት የላከላቸው በቅጡ ያልታጠቁ 200 ያህል ሰዎችን ብቻ ነው። በቤተ መቅደሱ ውስጥ የተሸሸጉት ሁለት ቀን ተከብበው አለቁ፤ ዴሲያነስም በመርከብ ወደ ጎል፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ ሸሸ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳልሸፍን እነግራችኋለሁ፤ የተበደለን ወገን ስለምንወድ ብቻ ታሪኩን ማሳመር አይገባምና። አገረ ገዥው ሱዌቶኒየስ ፓውሊነስ በምዕራብ በሞና ደሴት ሲዋጋ ስለነበር፣ የቡዲካ ሠራዊት ሎንዲኒየምን (የዛሬዋን ለንደን) እና ቬሩላሚየምን (ዛሬ ሴንት ኦልባንስ ያለችበትን) አቃጠለ። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በሦስቱ ከተሞች የሞቱትን 70,000 ያደርሳቸዋል፤ ምርኮኛ አልተያዘም፤ የተሰቀለና የተቃጠለ ብዙ ነው። የተቃጠለው ቀይ የጭቃ ንብርብር እስከ ዛሬ በለንደንና በኮልቸስተር ምድር ሥር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኮልቸስተር ቆፋሪዎች በአንድ ቤት ወለል ሥር በጥድፊያ የተቀበረ የወርቅ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ አምባርና ሳንቲም አገኙ፤ ባለቤቱ ተመልሶ አልወሰደውም። የጻፉልን ሮማውያን ብቻ መሆናቸውንም አትርሱ። የታሲተስ አማት አግሪኮላ በዚያን ጊዜ በብሪታንያ በውትድርና ላይ ነበር፤ በቡዲካ አፍ የተነገረው ንግግርም በሮማዊ ብዕር የተቀናበረ ነው።

በመጨረሻው ውጊያ 10,000 ያህል ሮማውያን እጅግ የሚበዛውን ጦር አሸነፉ። ብሪታንያውያን ቤተሰቦቻቸውን በጋሪ አምጥተው ከኋላቸው አሰልፈው ስለነበር መሸሻ አጡ። ቡዲካም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ገበሬው ለዘመቻ ወጥቶ ሳይዘራ በመቅረቱ ረኃብ ገባ፤ ሱዌቶኒየስ ግን በእሳትና በሰይፍ መቅጣቱን አላቆመም።

በዚህ ጊዜ ነው በዴሲያነስ ወንበር ጁሊየስ ክላሲሲያነስ የተቀመጠው። ሹመቱ ያው ነው፤ ሥልጣኑም ያው። ይህ ሰው ግን ለተሸናፊዎቹ፣ የጠላት ቁጣና የአሸናፊ ትዕቢት የሌለበት ሌላ አገረ ገዥ እስኪመጣ ብትጠብቁ ይሻላችኋል ይላቸው ነበር፤ ወደ ሮምም ሱዌቶኒየስ ካልተነሣ ጦርነቱ አያበቃም ብሎ ጻፈ። ይህን የጻፈው በድል ማግሥት፣ በስም በገነነ የጦር መሪ ላይ ነው። ታሲተስ የግል ጥላቻውን ከአገር ጥቅም አስቀደመ ብሎ ይከሰዋል፤ እኔ ግን በሙያው እንደኖረ ሰው ፍርዴን ስሰጥ፣ እውነቱ ከክላሲሲያነስ ጋር ነው። የተቃጠለ መንደር ግብር አይከፍልም። ኔሮ መርማሪ ልኮ ካጣራ በኋላ፣ ሱዌቶኒየስ ጥቂት መርከቦች ጠፉብህ በሚል ሰበብ ተነሥቶ በምትኩ ፔትሮኒየስ ቱርፒሊያነስ ተሾመ። በለንደን ከመሬት የወጣ የእንጨት ጽላት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 62 ከቬሩላሚየም ወደ ሎንዲኒየም 20 ጭነት ስንቅ እንዲጓጓዝ የተደረገ ውል ይዟል። ሁለቱም ከተሞች ከተቃጠሉ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ንግዱ ተመልሶ ነበር ማለት ነው።

ለንደን የምትኖሩ ካላችሁ፣ በዌስትሚንስተር ድልድይ አጠገብ ያለውን የቡዲካን ሐውልት ካያችሁ በኋላ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ጎራ በሉና የክላሲሲያነስን የመቃብር ድንጋይ ተመልከቱ። ያሠራችለት ሚስቱ ጁሊያ ፓካታ ናት፤ የኢንደስ ልጅ መሆኗም በድንጋዩ ላይ ተጽፏል። ኢንደስ እ.ኤ.አ. በ21 ጎል ውስጥ በተነሣው አመፅ ከሮም ጎን ተሰልፎ የራሱን ወገን የተዋጋ፣ ትሬቬሪ ከተባለው የጎል ሕዝብ መኳንንት ወገን ነው፤ ያን አመፅ የቀሰቀሰውም ሕዝቡን ያጎበጠው ዕዳ ነበር። ብሪታንያ የደረሰው ሹም ዕዳ ምን እንደሚወልድ ከአማቱ ቤት ሊሰማ የሚችል ሰው ነበር። እናንተም ወደምትመደቡበት አገር ከመሄዳችሁ በፊት ያ ሕዝብ ከዚህ ቀደም በማን፣ እንዴት እንደ ተገበረ አንብቡ፤ ሽማግሌዎቹንም ጠይቁ።