መጀመሪያ ዕድሜው የተጻፈበትን መስመር አንብቢ

እህቴ፣ የሦስት ዓመት ልጅሽ ከጉንፋን በኋላ ደሙ ተመርምሮ ሊምፎሳይቱ 61 በመቶ «ከፍተኛ»፣ ኒውትሮፊሉና ፕላትሌቱ ደግሞ «ዝቅተኛ» ተብለው እንደወጡ፣ የአንቺ ውጤት ግን እንዲህ እንዳልሆነ፣ «የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል» ተብለሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ ጽፈሻል። ሊምፎሳይትና ኒውትሮፊል በሽታ የሚከላከሉ የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች ናቸው፤ ፕላትሌት ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ እዚያው ቦታ ላይ ነበርን። ሐኪም አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር ማንበብ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ በአንዲት ነጥብ እንዴት እንደተበላሁ ልንገርሽና አንቺ ትረፊ።

1. ሌላውን ሁሉ ተዪውና ከወረቀቱ አናት ላይ ዕድሜው ምን ተብሎ እንደተጻፈ እዪ። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ነበረች። መዝጋቢዋ 3.5 ብላ ስታስገባ ነጥቧ ቀርታ ወረቀቱ «ዕድሜ፦ 35» ይላል። ስሟ ልክ፣ ቀኑ ልክ፣ የካርድ ቁጥሩ ልክ። መሥሪያ ቤት የአንድ ብር ልዩነት ፍለጋ የሚያመሽ ሰው ነኝ፤ ያቺን ነጥብ ግን አራት ቀን ሙሉ አላየኋትም! ኮምፒውተሩ ልጄን ከሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ጋር አስተያይቶ ፈረደባት። ነጭ የደም ሴል 11,800፣ ከፍተኛ። ሊምፎሳይት 58 በመቶ፣ ከፍተኛ። ኒውትሮፊል 33 በመቶ፣ ዝቅተኛ። ፕላትሌት 41 ሺህ፣ ዝቅተኛ። አራቱም በቀይ። ተረኛው ባለሙያ ኮሪደር ላይ እንደቆመ ወረቀቱን አየት አድርጎ «መቅኒዋ መታየት አለበት፤ ገንዘብ አዘጋጁ» አለን። ወንበር እንኳን አልሰጠንም። በማግሥቱ ዕጣ የወጣለትን ጎረቤቴን ለምኜ፣ ከላይ ጨምሬለት እቁቡን ገዛሁት። የዚያን እቁብ ዕዳ ገና ባለፈው ዓመት ነው የጨረስኩት።

2. የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እኛ በሰው በሰው ያገኘናቸው በወጣትነታቸው በሶቭየት ኅብረት የተማሩ አዛውንት ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና «ይህች ልጅ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው?» አሉ። እኔ የሚቀልዱ መስሎኝ ተናደድኩ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ ሲያሳርፉ ግን ላብ አሰመጠኝ።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር ሳሉ፤ አንዱ የኒውትሮፊል፣ አንዱ የሊምፎሳይት። ሕፃን ሲወለድ ኒውትሮፊሉ ከላይ ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ገደማ ሁለቱ ይገናኙና ሊምፎሳይቱ ከላይ ይሆናል፤ በአንድና በሁለት ዓመት 60 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። በአራት በአምስት ዓመት እንደገና ይሻገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ኒውትሮፊሉ እንደበላይ ይኖራል። እኔና አንቺ ኒውትሮፊላችን ከ40 እስከ 70፣ ሊምፎሳይታችን ከ20 እስከ 40 በመቶ ነው። ጠቅላላው ነጭ ሴልም ቢሆን ለአዋቂ 11 ሺህ ጣሪያው ሲሆን፣ ለሁለት ዓመት ልጅ እስከ 17 ሺህ ጤናማ ነው። «መስመሮቹ የሚሻገሩባቸውን ሁለት ቦታዎች የማያውቅ ሰው የልጅ ደም አያንብብ» አሉኝ። ያቺን ሥዕል እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ መጠየቅ አላፍርም። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ። ከሊምፎሳይቶቹ አንዱ ክፍል የሚሠለጥነው እዚያ ነው። በልጅነት ትልቅ ሆኖ በርትቶ ይሠራል፤ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ቦታው በስብ ይተካል። ስለዚህ የልጅ ሊምፎሳይት አብዛኛው ገና ጠላት ያላየ ምልምል ነው፤ የእኛው ደግሞ ጉንፋኑንም ሌላውንም ተዋግቶ የሚያውቅ ነባር ወታደር ይበዛበታል። ልጅሽ በየወሩ የሚያስለው ሠራዊቱ ገና እየተማረ ስለሆነ ነው።

ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል «ያሉንን ነው የጻፍነው» አለችኝ። የሦስት ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ታቅፌ ቆሜ፣ ሠላሳ አምስት አልኩ? ወረቀቱ ታርሞ እንዲወጣ ሌላ ክፍያ ጠየቁኝ፤ ከፈልኩ። ደሙ ያው፣ ቁጥሩ ያው፤ ዕድሜዋ ሲስተካከል ግን ከአራቱ ቀይ ምልክቶች ሦስቱ ጠፉ። የቀረው ፕላትሌቱ ብቻ ነበር።

3. ደሙ እንዴት እንደተቀዳ አስታውሺ። የእኔዋ ስትወራጭ እኔ እግሯን፣ ባለቤቴ ክንዷን ይዘን ነበር፤ መርፌው ሁለት ጊዜ ቦታ ተቀየረ፣ ደሙ ሐምራዊ ክዳን ወዳላት ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ነው የገባው። እንዲህ ሲንቀረፈፍ ፕላትሌቶቹ ቱቦው ውስጥ ይያያዛሉ፤ ማሽኑ የተያያዘውን ክምር እንደ ፕላትሌት አይቆጥረውም። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ደሙ በደንብ ቢቀዳም፣ በሐምራዊዋ ቱቦ ውስጥ ያለው እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል ራሱ ያያይዛቸዋል፤ ያኔ በሰማያዊ ክዳን ቱቦ ይደገማል። አዛውንቱ የላኩን ላብራቶሪ ያለች ልጅ መጀመሪያ ከልጄ ጋር ተጫወተች፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ቀዳች፣ ጠብታውን መስተዋት ላይ ቀብታ በማይክሮስኮፕ አየች። 297 ሺህ። የእቁቤ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የፕላትሌት ቁጥር ራሱ በልጅና በአዋቂ ብዙ አይራራቅም፤ ለሁለቱም ከ150 እስከ 450 ሺህ ነው፣ ትንንሽ ልጆች ላይ ከበሽታ በኋላ ወይም ብረት ሲያንሳቸው ከዚያም ያልፋል። ልዩነቱ የሚታየው በእውነት ሲወርድ ነው። የጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጅ ከጉንፋን ሁለት ሳምንት በኋላ እግሩ በቀያይ ነጠብጣብ ተሞላ፤ 12 ሺህ። የሰውነቱ በሽታ መከላከያ የራሱን ፕላትሌት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያጠፋው ነበር። ከቆዳው ሌላ የሚደማ ስላልነበረ ሐኪሞቹ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን፣ የጡንቻ መርፌና ብስክሌት ከልክለው ጠበቁት፤ በሁለት ወር ያለ መድኃኒት ተስተካከለ። ከአራት እንዲህ ካሉ ልጆች ሦስቱ ያህል በስድስት ወር ውስጥ ይድናሉ። ታላቅ እህቴን በ38 ዓመቷ ያው በሽታ ያዛት፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው፣ ለዚሁ በምትወስደው ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት ፊቷ አብጦ ራሷን በመስተዋት ማየት ጠልታለች። አዋቂ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሰነብታል።

4. መጠበቅ የማይገባሽ ጊዜም አለ። አፍንጫው ደምቶ አልቆም ካለ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ራሱን አሞት ካስመለሰው፣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው። ፊቱ ከገረጣ፣ አጥንቱን እያመመው ካነከሰ፣ አንገቱና ብብቱ ሥር ጉብታ ካለ፣ ትኩሳቱም አልወርድ ካለ እኔን አትስሚ፤ ያን ጊዜ የመቅኒ ምርመራ ቢሉሽም እሺ በይ።

ነገ ጠዋት ደሙ ተደግሞ ይቀዳ፣ በማይክሮስኮፕም ይታይ በያቸው። ቢያኮርፉሽም ግድ የለም፤ እኔን አራት ቦታ አኩርፈውኛል። አዲሱን ውጤት እዚህ ስትለጥፊ የልጁን ስምና የካርድ ቁጥር ሸፍኚ፤ ዕድሜውን ግን እንዳትሸፍኚው።