ፖምፔ ስሟን ከማን አገኘች? ደግሞስ ለምን ትቀያየራለች?

አንዲት እህታችን «በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የጣልያኗ ጥንታዊ ከተማ ፖምፔ የተሰየመችው በሮማዊው ጄኔራል በፖምፔዩስ ነው? ላቲን መጽሐፍ ላይስ አንዴ ፖምፔዪ፣ አንዴ ፖምፔዪስ፣ አንዴ ፖምፔዮስ የምትባለው ለምንድን ነው?» ብላለች። እኔም ላቲን ስማር እዚችው ላይ ነው የተደናቀፍኩት።

በጄኔራሉ አይደለም። እሱ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ106 ነው። ከተማዋ ያኔ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን አሳልፋለች። በአካባቢው ከላቲን በፊት ኦስካን የሚባል ቋንቋ ይነገር ነበር። «አምስት» በኦስካን «ፖምፔ» ነው። ሮማውያን «ክዊንክዌ» ብለው በ«ክዊ» የሚጀምሩትን እነዚያ በ«ፖ» ይጀምሩታል። አንዳንዶች አምስት መንደሮች ተጠቃለው ከተማ ስለሆኑ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ፖምፔዩስ ከሚባል የአካባቢው ቤተሰብ ነው ባዮች ናቸው። ያም ስም ቢሆን ሥሩ ያው አምስት ነው። ስለዚህ ጄኔራሉና ከተማዋ የስም ዘመዳሞች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም። የአፈ ታሪኩ ጀግና ሄርኩለስ ከብቱን እየነዳ በሰልፍ ስላለፈ ነው የሚል የጥንት ወሬም አለ። «ፖምፓ» ሰልፍ ማለት ስለሆነ ጆሮ ላይ ገጥሞላቸው ነው።

ወደ ሰዋስው ስንመጣ፣ ከተማዋ አንድ ብትሆንም ስሟ፣ ፖምፔዪ፣ ብዙ ቁጥር ነው። አቴናም በላቲን እንደዚያው ናት። እኛ «በ» እና «ወደ»ን ከፊት እንለጥፋለን፤ ላቲን ከተማ ሲሆን መጨረሻውን ይቀይራል። «በፖምፔ» ፖምፔዪስ፣ «ወደ ፖምፔ» ፖምፔዮስ። «ከፖምፔ»ም ፖምፔዪስ ነው፤ መነሻ ይሁን መኖሪያ የሚለየው ግሡ ነው። እኔ «በፖምፔ ይኖራል» ለማለት «ፖምፔዪ» ብዬ ጻፍኩ። ብሩንዲሲዩም ለምትባለው ሌላ የጣልያን ከተማ «በብሩንዲሲዩም» ለማለት «ብሩንዲሲዪ» ይባል የለ? መምህሬ በቀይ ከበበውና «ስንት ናቸው?» ብሎ ጻፈበት። ብሩንዲሲዩም ነጠላ ነዋ!

በዚች ስም የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በፈረንጆቹ 1689 ፒኬቲ የሚባል አርክቴክት «ደኩሪዮ ፖምፔዪስ» የሚል ጽሑፍ አገኘ። «በፖምፔ የምክር ቤት አባል» ማለት ነው። እሱ ግን የጄኔራል ፖምፔዩስ ቪላ መስሎት አለፈው። ቁፋሮው በ1748 ሲጀመርም ቆፋሪዎቹ ስታቢዬ የምትባለውን ሌላ ከተማ ያገኙ መስሏቸው ነበር። ነገሩ የለየለት በ1763 ነው፤ «የፖምፔ ሰዎች» የሚል ቃል ያለበት ድንጋይ ከመሬት ወጣ። እሱም ብዙ ቁጥር ነበር።