ስለ ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካዋ ዳኛ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ እሳቸው ናቸው አይደል?

መልስ፦ አይደሉም። ቀዳሚዋ በ1981 የገቡት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። ጊንስበርግ በ1993 ተከተሏቸው። ጠበቆች ሳይቀሩ ስማቸውን ያምታቱባቸው ነበር።

ጥያቄ፦ አንገታቸው ላይ የነበረው ዳንቴል ለጌጥ ነው?

መልስ፦ ለጌጥም ነው፣ ግን ነገር አለው። የዳኛ ካባ የተሰፋው ለወንድ ነው። አንገቱ ላይ ክፍት የሆነው ሸሚዝና ከረባት እንዲታይ ተብሎ ነው። ሁለቱ ሴቶች እዚያ ቦታ ላይ የሴት የሆነ ነገር እናድርግ አሉ። ጊንስበርግማ መናገሪያ አደረጉት። የአብላጫውን ውሳኔ ሲያነቡ ወርቅማውን፣ ከአብላጫው በሐሳብ ሲለዩ ደግሞ ጥቁሩንና የሚያብለጨልጨውን ያጠልቁ ነበር። ጥቁሩን ያየ ሰው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ይገባው ነበር። በጣም የሚወዱት ግን ከኬፕታውን የመጣ ነጭ የዶቃ ሥራ ነበር።

ጥያቄ፦ ዳንቴሉ ተጋነነ። ሌላ ምልክት የለም?

መልስ፦ አለ፣ ሽንት ቤቱ! አትሳቁ። ዳኞች ካባ የሚለብሱበት ክፍል ያለው መጸዳጃ የወንድ ብቻ ነበር። ኦኮነር ሲቸግራቸው እስከ ቢሯቸው ይመለሱ ነበር። ጊንስበርግ ሲሾሙ ነው በጥድፊያ የሴቶች የተሠራው፣ ያውም ከወንዶቹ እኩል ስፋት ያለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሙዚየም መግባት ያለበት የዚያ ክፍል በር ነው።

ጥያቄ፦ ጠበቃ እያሉ የሚሟገቱት ለሴት ብቻ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። እዚያው ፍርድ ቤት 6 ጉዳይ ተከራክረው 5ቱን ረትተዋል። አንዱ ባለጉዳይ ስቲቨን ዊዘንፌልድ የሚባል አባት ነው። አስተማሪ የነበረችው ሚስቱ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑን ቤት ሆኖ ለማሳደግ የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና) ድጎማ ሲጠይቅ፣ ይሄ ለእናት ነው ተባለ። ሟቿ ግን ከደመወዟ እንደ ማንኛውም ወንድ ስትከፍል ኖራለች። የእሷ ክፍያ ለምን ያንሳል? ጊንስበርግ ይህን ያዙ። በ1975 ዳኞቹ ያለ ልዩነት ፈረዱለት።

ጥያቄ፦ ቢሯቸው ውስጥስ ምን ነበር?

መልስ፦ አንድ ሕግ፣ በፍሬም። ሊሊ ሌድቤተር ጎማ ፋብሪካ ውስጥ ከወንዶቹ ያነሰ ሲከፈላት ኖራ ከሰሰች። በ2007 ጊዜው አልፎብሻል ተብላ 5 ለ 4 ተረታች። ጊንስበርግ የልዩነት ሐሳባቸውን ችሎት ላይ ጮክ ብለው አንብበው፣ ኮንግረሱ ሕጉን ያስተካክል አሉ። በ2009 ተስተካከለ። ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ኦባማ የፈረሙበትን ቅጂ ነው።