አልፋው 0.86 ከወጣ መጠይቁ ልክ ነው ማለት ነው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። የአራስ እናቶችን ድብርት ለማጥናት አሥር ጥያቄ ያለውን የኤዲንበርግን መጠይቅ ወስደሽ፣ በፓይለቱ (በሙከራ ጥናቱ) ክሮንባክ አልፋ የሚባለው ቁጥር 0.86 ወጥቶልሻል። አማካሪሽ ግን «ቫሊዲቲውስ?» ብሎ መለሰብሽ፤ መጠይቁ በእርግጥ ሊለካ የታሰበውን ነገር ይለካል ወይ ማለቱ ነው። ነገሩ ቢያናድድሽም አማካሪሽ ልክ ነው።

አልፋ የሚነግርሽ የጥያቄዎቹ መልሶች አብረው መሄዳቸውን ነው። ምን እንደለካሽ አይነግርሽም። ደግሞም ጥያቄ ሲበዛ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አልፋው 0.70 የሆነ መጠይቅ ላይ የዚያኑ ያህል ተመሳሳይ ጥያቄ ብትጨምሪ 0.82 ገደማ ይደርሳል።

እኔ ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ ሳስሞላ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት አራስ ትዝ ትለኛለች። አማቷ አጠገቧ ቁጭ ብለዋል። ምንም ብጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ነው መልሷ። ታለቅሺያለሽ ስላት «ኧረ ምን ሆኜ!» አለች። አማቷ ለጉዳይ ወጣ ሲሉ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር አወራችኝ። እንዲህ ያለች እናት የምትደብቀው በአሥሩም ጥያቄ ላይ ነው። የሚደብቁና የማይደብቁ እናቶች ሲቀላቀሉ መልሶቹ ይበልጥ አብረው ይሄዳሉ፣ አልፋውም ያምራል። የለካሽው ግን በከፊል ድብርትን ሳይሆን አማት አጠገብ መኖር አለመኖሩን ነው።

አሁን ወደ ራስሽ መጠይቅ እንምጣ። ኤዲንበርግ በ1987 ብሪታንያ ውስጥ ወጣ። አካላዊ ሕመሞችን ሆን ብሎ ይተዋል፤ ድካምና እንቅልፍ ማጣት የወለደች ሁሉ ላይ ስላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ከባለሙያ ምርመራ ጋር ሲነጻጸር ግን የታመመችውን ከጤነኛዋ በደንብ መለየት አቃተው። ውጤቱ በ2008 ታትሟል። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ሆድ፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ጭምር «አዎ» ወይም «አይ» እያስባለ የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ የተሻለ ሠራ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ2010 በወጣው ጥናት ያው ኤዲንበርግ በደንብ ሠርቷል። አየሽ፣ አገሩ አንድ ነው፣ መጠይቁም አንድ ነው። ስለዚህ «ቫሊድ መሆኑ ተረጋግጧል» ብለሽ ስትጽፊ የት፣ በእነማን ላይ የሚለውን ጨምሪ።

እኔ አንቺን ብሆን ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት እናቶችን ለብቻቸው አስቀምጬ፣ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ምን አስበሽ ነው እንደዚያ ያልሽው?» እላለሁ። ከቁጥሩ በፊት ብዙ ነገር የሚገለጥልሽ እዚህ ነው። ከተቻለ ደግሞ የሥነ አእምሮ ነርስ ነጥባቸውን ሳያይ ከፊሎቹን በራሱ መንገድ ይመርምርልሽ። ድጋሚ አስሞልተሽ ማነጻጸር ካሰብሽም ቀናቱን አታርቂ። መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፉት 7 ቀናት ስለሆነ፣ ከወር በኋላ ብትመለሺ እናቲቱ ራሷ ተለውጣ ልታገኚያት ትችያለሽ።

መረጃ ሰብሳቢዎችሽንም ማንም በሌለበት እንዲጠይቁ አሠልጥኛቸው። «ሕፃኑን ልይላት» ብሎ አማትን ወደ ውጭ የሚወስድ ሁለተኛ ሰው ቢኖር ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። «አዎ» የምትልሽን እናት ያን ዕለት ወደ ማን እንደምትልኪ ከጤና ጣቢያው ጋር ሳትነጋገሪ አንድም መጠይቅ አታስሞዪ።