ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተር ፊት እጅ እግሬ ይያያዛል

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከወረቀት ሌላ በኦንላይንም ከተሰጠ ወዲህ፣ ከጎጃም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ተቀይሯል። የሰሞኑን እነሆ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ 12ኛ ነኝ። በትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒውተር ለአምስት ነው። ማውሱን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ቀስቷ ትጠፋብኛለች። ፈተናው ኦንላይን ከሆነ ምን ይውጠኛል?» (ከሞጣ)

ጥያቄው ያው የምታውቂው ምርጫ ነው። አንብበሽ መልሱን ክሊክ ታደርጊያለሽ። የቀረሽ እጅሽን ማላመድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሶሊቴርን የመሰለ የለም። በ1990 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የመጣ የካርታ ጨዋታ ነው። ካርታውን ይዘሽ፣ ጎትተሽ ስትለቂ እጅሽ ሳይታወቅሽ ይገራል። (እናትሽ «ልጄ ካርታ ጀመረች» ካሉ በእኔ አሳቢ።) መቼም ከአምስታችሁ ማውሱን የማይለቅ አንድ ጎበዝ አይጠፋም። ተራ አውጡ! ሌላው ሲነካ በማየት ፍርሃት አይለቅም።

«አንድ ነገር ብነካ የሚበላሽ ይመስለኛል። መምህራችንም ‹እንዳትነካኩ› ይላሉ።» (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከፍኖተ ሰላም)

ቁልፍ ስለተጫንክ ኮምፒውተር አይቃጠልም። ተሳሳትክ? ኮንትሮልን ይዘህ ዜድን ተጫን፤ ወደ ኋላ ይመልስልሃል። ያጠፋኸው ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ከፍላሽ ላይ ያጠፋኸው ግን እዚያ አይገባም፤ እሱን ተጠንቀቅ። መብራት ሲሄድ አስጠንቅቆ አይሄድምና ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ። ስታክ ካደረገ ታገሰው፤ ቁልፉን አትደብድበው። መምህርህ የሚጨነቁት ዕቃው ቢበላሽ የሚጠየቁት እሳቸው ስለሆኑ ይመስለኛል። ፍርሃታቸው ወደ እናንተ ተጋብቷል።

«ልጄ ከስልክ አይለይም። ኮምፒውተር ፊት ግን ላብ በላብ ይሆናል። እያስመሰለ ይሆን?» (እናት፣ ከቢቸና)

አያስመስልም እናቴ። ስልኩን የሚያየውም የሚነካውም አንድ ቦታ ነው። እዚህ ግን እጁ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይኑ ስክሪን ላይ ነው። ጭንቀቱም አዲስ አይደለም፤ በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ የሚለካ 19 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ወጥቶ ነበር። «ስልክ እየቻልክ ይሄ እንዴት ያቅትሃል?» አይበሉት። የሚያሳየው ሰው ካለም ማውሱን ከእጁ አይንጠቀው፤ በአፉ ይንገረው።

«በሁለት ጣት ነው የምጽፈው። ያሳፍራል?» (ከደብረ ማርቆስ)

አያሳፍርም። በአስር ጣት መጻፉን ክረምት ላይ ትለምደዋለህ፤ አሁን ፊዚክስህን አጥና።