ስሙን ሳታስመዘግብ በርበሬውን አትሽጥ

ፍራንክፈርት ከገባሁ 20 ዓመት አልፎኛል። በየጊዜው አንድ የወሎ ልጅ ይደውላል፦ «ጋሼ፣ ከአገር ቤት በርበሬና ሽሮ እያስመጣሁ ልሸጥ ነበር፤ ምን ይመክሩኛል?» ስለ ዋጋ ይጠይቃል፣ ስለ ማሸጊያ ይጠይቃል። ስለ ስሙ የጠየቀኝ እስካሁን አንድም የለም። እዚህ ልጻፈውና ስልኬ ይረፍ።

1. ወረቀት። ፈቃዱን፣ ጉምሩኩን፣ የምግብ ቁጥጥሩን የከተማህ ንግድ ምክር ቤት ይነግርሃል። ሄደህ ጠይቅ።

2. ስም። እናቴ ባቲ ሰኞ ገበያ ድረስ ወርዳ ዛላውን ራሷ ትመርጣለች። ቀንጥሳ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ ደልዛ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ኮረሪማውን ሳታምስ ወፍጮ ቤት አትሄድም። የመጀመሪያዎቹን እሽጎች በእሷ የቤት ስም ሰየምኳቸው። ገበያው ሲሰምርልኝ አንድ አከፋፋይ 11 ገጽ የጀርመንኛ ውል ይዞ መጣ። ፈረምኩ።

እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ፣ ውጫሌ ያደግኩ! ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛ «ይችላሉ» ሲል በጣልያንኛ ግዴታ እንደሆነ ከፊደል ጋር የተማርኩ ሰው፣ 9ኛውን ገጽ ሳልገልጥ ፈረምኩ። 9ኛው ገጽ ላይ «የምርቱን ስም አከፋፋዩ በራሱ ስም ያስመዘግባል» ይላል።

እዚህ አገር የንግድ ምልክት፣ ማለት የምርትህ ስም፣ በመሠረቱ ቀድሞ ያመለከተው ሰው ንብረት ነው። ሙኒክ ያለው የጀርመን የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ላመለከተ እስከ 3 የዕቃ ምድብ 290 ዩሮ ያስከፍላል። ቅመም፣ ቡናና ዱቄት 30ኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። መላውን የአውሮፓ ኅብረት ከፈለግህ ማመልከቻው ስፔን፣ አሊካንቴ ነው፣ ለአንድ ምድብ 850 ዩሮ። ምዝገባው 10 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። ሌላ ሰው ስምህን ካስመዘገበ ከታተመ በኋላ ለመቃወም 3 ወር አለህ። እኔ ያወቅኩት በሁለተኛ ዓመቱ ነው። «አዲስ አበባ አስመዝግቤያለሁ» ብለህም አትተኛ፤ የአዲስ አበባው ምዝገባ ቦሌን አይሻገርም።

3. «መንግሥት ያስከብርልናል» የምትሉ፣ አብሽሩ! እርግጥ ቡናውን ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተ፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማማ። እሰየው። ጤፉንስ? በዚያው በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተፈራረምን፤ በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «ፈጠራ የለበትም» ብሎ ኔዘርላንድ ውስጥ እንዳይሠራ ጣለው። ከሳሹ ማን መሰላችሁ? እኛ? ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተካሰው ነው!

ሕጉም ቢሆን ለእኛ አልተሰፋም። ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ የሚሠራ ትሪፕስ የሚሉት የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አለ። አንቀጽ 23 የወይን ጠጅና እንደ አረቄ ያለ የጠንካራ መጠጥ የቦታ ስምን «ዓይነት» የሚል ቃል ተጨምሮበት እንኳ መጠቀምን ይከለክላል። ማርና በርበሬ ግን አንቀጽ 22 ላይ ናቸው፤ እዚያ ሕዝብ መታለሉ መረጋገጥ አለበት። እንግዲህ አንዱ ስኳር በጥብጦ «የላስታ ዓይነት ነጭ ማር» ብሎ ቢለጥፍበት፣ ሸማቹ መታለሉን አስረዳ የምትባለው አንተ ነህ። ኢትዮጵያ ለድርጅቱ አባልነት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ ደጅ ጠንታለች። አንተም እሷን እየጠበቅህ ትሸጣለህ?

4. ውሉን ለልጅህ አስነብብ። ያኔ ልጄ 14 ዓመቷ ነበር፣ በጀርመንኛ ከክፍሏ አንደኛ። ያ ውል ማታ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ፣ ደብተሯ አጠገብ ነበር። «እስቲ እዪልኝ» ማለት አባትነቴን የሚቀንስ መስሎኝ አነሣሁት።

እሽጉ አሁንም ከቤቴ በታች ባለው ሱቅ ይሸጣል፤ በርበሬው ግን የእናቴ አይደለም፣ ስሙ ብቻ ነው የእሷ። እናቴ በየዓርቡ ስትደውል «ሰዉ ወደደው ወይ?» ትለኛለች። «ወዶታል» እላታለሁ።