ለኢንቴልም ለአርምም የሚሆን የዶከር ምስል
ወንድሜ፣ በላፕቶፕህ የገነባኸው የዶከር ምስል (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘው ጥቅል) ኮምቦልቻ መጋዘን ባስቀመጥከው ትንሽ ኮምፒውተር፣ በራስፕቤሪ ፓይ ላይ አልነሳ ያለህ ፓዩ ተበላሽቶ አይደለም። የላፕቶፕህ ፕሮሰሰር ኢንቴል፣ የፓዩ ግን አርም ነው፤ የአንዱ መመሪያ ለሌላው አይገባውም። ቢልድኤክስ በተባለው የዶከር መገንቢያ ለኤኤምዲ64 (ባለ 64 ቢት ኢንቴልም በዚህ ስም ይጠራል) እና ለአርም64 በአንድ ትእዛዝ ገንብተህ በአንድ ስም ወደ ምስሎች ማከማቻው ላከው፤ በስሙ ሥር ያለው ዝርዝር ለየማሽኑ የሚስማማውን ይመርጥለታል። የፓዩ ሥርዓተ ክወና 32 ቢት ከሆነ ባለ 32 ቢቱን አርም ቪ7ንም ጨምር።

የአርም ፕሮሰሰርን በላፕቶፕህ ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ኪውኢኤምዩ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። እኔ እዚህ ደሴ አንድ ፕሮግራም ስገነባ አቦልም ቶናም አልፎ በረካ ተቀድቶ ነበር። ፕሮግራምህ ጎ (Go) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከተጻፈ የግንባታውን ደረጃ በራስህ ፕሮሰሰር አሂደህ ውጤቱን ብቻ ለአርም አውጣ፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።